የአጎራባች ወረዳ አምቡላንስ ለምን አይሻገርም? ስለ ድንገተኛ ሕክምና ቅንጅት ከጅማ ዞን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በጅማ ዞን በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይሠራሉ። ወረዳው ሁለት አምቡላንሶች ቢኖሩትም አንዱ ጋራዥ ከገባ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት አንዲት እናት ጤና ጣቢያ ወልዳ ደም አልቆም ሲላት የቀረው መኪና ሌላ ታካሚ ይዞ ጅማ ሄዶ ነበር። የጎረቤት ወረዳ አምቡላንስ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነዳጁም ሹፌሩም ተዘጋጅተው ቆሟል። ነገር ግን «ያለ ኃላፊ ፈቃድ ከወረዳ አይወጣም» ተባለ፤ ኃላፊው ደግሞ ስልክ አላነሱም። እናትየዋ ጭነት አራግፎ በሚመለስ አይሱዙ ጅማ ደርሳ ተረፈች። አሁን ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ሦስተኛ አምቡላንስ እንዲገዛ ይፈልጋል፤ ዞኑ ደግሞ የተቀናጀ የድንገተኛ ሕክምና ዕቅድ ሐሳብ እንዲቀርብ ጠይቋል። «መኪናውን እንግዛ ወይስ ቅንጅቱን እንጠብቅ? ቅንጅት የሚባለውስ ከየት ይጀመራል?» ይላሉ።

መልሴን ላዘግይ አልፈልግም፤ ገንዘቡን አሁን ለአዲስ መኪና አያውሉት። በዚያ ሌሊት መኪና ነበረ፣ ነዳጅ ነበረ፣ ሹፌርም ነበረ። የጠፋው «ሂድ» ለማለት ሥልጣን ያለውና በማንኛውም ሰዓት ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። ሦስተኛ መኪና ተገዝቶ በዚያው ደንብ ከተዳደረ፣ በሚቀጥለው ክረምት የጎረቤት ወረዳ እናት የእናንተ መኪና ቆሞ እያለ ትደማለች። አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ በብርቱ ስትደማ ሕክምና ካላገኘች በአማካይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ ሁለት ሰዓት ላይ ፈቃድ ፍለጋ የሚወስደውን መቀነስ ከሁሉም ነገር ይቀላል፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው።

ለስብሰባ የሚሆን ስሌት ልስጥዎ። የዴንማርኩ መሐንዲስ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 የስልክ መስመር ስንት ጊዜ ተይዞ እንደሚገኝ የሚያሰላ ቀመር አውጥቶ ነበር፤ ቀመሩ ለአምቡላንስም ይሠራል። አንድ ወረዳ በቀን ሦስት ጥሪ ይደርሰዋል፣ እያንዳንዱ ጉዞ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ይፈጃል እንበል። አንድ መኪና ብቻ ካለ ከመቶ ጥሪ 33ቱ መኪናው ወጥቶ ሳለ ይመጣሉ። ጋራዥ ያለው ሁለተኛው ተጠግኖ ቢወጣ 33ቱ ወደ 8 ይወርዳሉ። በሌላ በኩል ምንም ሳይጠገንና ሳይገዛ፣ አንድ አንድ መኪና ያላቸው አራት ጎረቤት ወረዳዎች መኪኖቻቸውን እንደ አንድ ቢያሰማሩ መኪና የሚያጡት ጥሪዎች ከመቶ አሥር አይሞሉም። ሁለቱ ከተደረጉ፣ ማለትም አራቱም ወረዳዎች ሁለት ሁለት የሚሠሩ መኪኖች ኖረዋቸው በጋራ ካሰማሩ፣ በስሌቱ መሠረት መኪና የሚያጣው ጥሪ ከሺህ አንድ እንኳ አይሆንም። ያለ ቅንጅት፣ ሁለተኛውን ጠግኖ ሦስተኛ መኪና መግዛት መኪና የሚያጡትን ጥሪዎች ለእናንተ ወረዳ ብቻ ከመቶው ወደ አንድ ገደማ ያወርዳቸዋል፤ ለጎረቤት የሚተርፈው ነገር የለም፤ ጎማው፣ ነዳጁና የሹፌሩ ደመወዝ ግን በየዓመቱ የእናንተ ነው።

ይህ ስሌት ሁለት ነገሮችን እንደ ቀላል ያልፋል። አንደኛው ጥሪዎች በቀኑ ውስጥ ተበታትነው እንደሚመጡ መገመቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ርቀት ነው። የጎረቤት መኪና ሁለት ሰዓት ተጉዞ የሚደርስ ከሆነ በወረቀት አለ፣ በተግባር የለም። ስለዚህ የትኞቹ ወረዳዎች ከየትኞቹ ጋር ይጣመሩ የሚለው የዕቅዱ ዋና ውሳኔ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ቢወስዱ ይክሳል።

የጅማን ካርታ ይመልከቱ። ከተማዋ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ በአጋሮ አድርጎ ወደ በደሌና መቱ፣ ሌላው በሰቃና በሸቤ አድርጎ ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ ሦስተኛው በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሶኮሩ አድርጎ ወደ ወልቂጤና አዲስ አበባ ይወጣል፤ ወደ ዴዶና ወደ ሊሙ ገነት የሚወስዱም አሉ። ታካሚ የሚሄደው በእነዚህ መስመሮች ነው እንጂ በአስተዳደር ወሰን አይደለም። የአጋሮ መስመር ወረዳዎች ተፈጥሯዊ ጓደኞቻቸው በዚያው መስመር ላይ ያሉት ናቸው፤ በወሰን የሚነካኩ፣ ግን በመካከላቸው ገደል ወይም ክረምት የሚቆርጠው ጥርጊያ ያለባቸው ወረዳዎች በካርታ ጎረቤት ቢመስሉም በድንገተኛ ሕክምና ጎረቤት አይደሉም። ሲግሞና ሰጠማን፣ የዴዶን ተራራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ሰው አያስፈልገውም። እንዲያውም አንድ ካርታ አይበቃም፤ የበጋና የክረምት ሁለት ካርታ ያስፈልጋል። በክረምት ካርታ ላይ አንዳንዱ ቀበሌ መኪና የማይገባበት ሆኖ ይሳላል፤ ለዚያ ቀበሌ የሚታቀደው አምቡላንስ ሳይሆን ቃሬዛ፣ ተሸካሚና መኪናው ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ ነው።

ይበልጥ አስቸጋሪው የክልል ወሰን ነው። ካፋና ዳውሮ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ናቸው፤ ጅማ ደግሞ ኦሮሚያ ነው። ከቦንጋ ሆስፒታል ከአቅም በላይ የሆነ ታካሚ የሚላከው ግን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ነው፤ ማዕከሉ የሚያገለግለው ጅማን ብቻ ሳይሆን ደቡብ ምዕራቡን በሙሉ ነው። ስለዚህ «ክልል አቀፍ» የሚባል ዕቅድ በኦሮሚያ ብቻ ተጽፎ ካለቀ፣ ወደ ጅማ የሚመጣ ብዙ ድንገተኛ ታካሚ ከዕቅዱ ውጭ ይቀራል። ለዞኑ ሐሳብ ስትጽፉ ይህን በመጀመሪያው ገጽ አስቀምጡት። የሁለቱ ክልሎች ጤና ቢሮዎች የሚፈርሙት የጋራ ስምምነት የዕቅዱ አባሪ ሳይሆን መሠረቱ መሆን አለበት።

ሰፊ አካባቢን በአንድ ሥርዓት ማቀናጀት በሌሎች አገሮች ምን እንዳስገኘና የት እንደተሰናከለ ማወቁ ይጠቅማል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ሪፖርት፣ ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት የቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶች እንደነበሩ ተገልጿል፤ አስከሬን የሚያስተኛ መኪና ስላላቸው ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የድንገተኛ ሕክምና ሥርዓቶች ሕግ ደግሞ አንድ አካባቢ ሊያሟላቸው የሚገቡ 15 ነገሮችን ዘረዘረ፤ የሰው ኃይል፣ ሥልጠና፣ ግንኙነት፣ ትራንስፖርት፣ የታካሚ ዝውውር፣ የተቀናጀ መዝገብ፣ የጎረቤት መረዳዳት ስምምነትና ሌሎችም በውስጡ አሉ። የጎረቤት መረዳዳት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በሕግ የተጻፈ ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ። ሆኖም ከ15ቱ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ቀርተው ነበር፤ ሥርዓቱን በቋሚነት የሚደግፍ በጀትና በሕክምናው ረገድ ኃላፊነት የሚወስድ ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1981 የፌዴራሉ ድጋፍ ለየግዛቱ በጥቅል በሚሰጥ ገንዘብ ሲተካ፣ በድጋፉ ላይ ብቻ ቆመው የነበሩ ብዙ አካባቢዎች ተዳከሙ። ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ስለዚህ እነዚህን ሁለት ነገሮች ከመጀመሪያው እንጻፋቸው።

ከግዛቶቹ መካከል ለእኛ ብዙ የምታስተምረው ሜሪላንድ ትመስለኛለች። በባልቲሞር ይሠሩ የነበሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም አር አዳምስ ካውሊ ባነሡት ግፊት ግዛቲቱ በአንድ ተቋም የሚመራ ሥርዓት ዘረጋች። ብዙ ሰው ከሜሪላንድ የሚያስታውሰው ሄሊኮፕተሩን ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሄሊኮፕተሩ አይደለም፤ የአምቡላንሱን ባለሙያ ከሐኪምና ከተቀባዩ ሆስፒታል ጋር የሚያገናኝ የመገናኛ ማዕከልና የትኛው ሆስፒታል ምን ዓይነት ታካሚ እንደሚቀበል አስቀድሞ የተወሰነበት ዝርዝር ነው። ሁለቱም በስልክና በወረቀት ሊጀመሩ ይችላሉ።

አሁን ወደ እኛው የስምሪት ክፍል፣ ማለትም ጥሪ ተቀብሎ አምቡላንስ ወደሚያሰማራው ክፍል እንምጣ። ብዙ ጊዜ የጥሪ ማዕከል ሲባል ሕንፃ፣ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ይታሰባል፤ ከዚያም ጨረታ፣ ከዚያም ዓመታት። እኔ የማወራው ሁለት ስልክ፣ አንድ ትልቅ ሰሌዳና ሥልጣን ስላለው አንድ ጠረጴዛ ነው። ሰሌዳው ላይ እያንዳንዱ አምቡላንስ የት እንዳለ፣ ነጻ ይሁን አይሁን፣ መቼ እንደሚመለስ ይጻፋል። በአጠገቡ የሆስፒታሎቹ ሁኔታ ይሰፍራል፤ ዛሬ ማታ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይሠራል ወይ፣ ደም አለ ወይ፣ ኦክስጅን አለ ወይ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቦታ አለ ወይ። ጠረጴዛውን ሃያ አራት ሰዓት ለመሸፈን በሳምንት 168 ሰዓት ያስፈልጋል፤ የሥራ ሰዓትንና የዓመት ፈቃድን ስታስቡ ለአንድ ወንበር ቢያንስ አምስት ሰው ይሆናል። በሦስት ሰው ከተጀመረ በሁለተኛው ወር ሌሊቱ ባዶ ይቀራል፤ ይህን ከአሁኑ እነግርዎታለሁ። የሚመረጡት ሰዎች አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጠንቅቀው የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ከእነሱም መካከል ካፊኛ ወይም ዳውሮኛ የሚናገር ቢኖር የበለጠ ነው። የሚደነግጥ ሰው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚጮኸው።

ሥልጣን ስል ምን ማለቴ ነው? በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ እንዲህ ተብሎ መጻፍ አለበት፦ በቀይ የተመደበ፣ ማለትም ሕይወቱ አፋጣኝ አደጋ ላይ ያለ ታካሚ ሲኖር የስምሪት ክፍሉ የሚሰጠው ትእዛዝ ለሹፌሩ በቂ የመውጫ ፈቃድ ነው፤ የወረዳው ኃላፊ በኋላ እንዲያውቁት ይደረጋል እንጂ በፊት አይጠየቁም። ይህች ዓረፍተ ነገር ካልተፈረመች ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ኃላፊዎች የሚፈሩት ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ መኪናው ወጥቶ ሳለ የራሳቸው ወረዳ ታካሚ ቢሞት ተጠያቂ እንሆናለን ብለው ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ስለሆነ መልስ ይፈልጋል። መልሱም አንድ መኪና ሲወጣ የስምሪት ክፍሉ በዚያው ሰዓት ባዶ የቀረውን ወረዳ የሚሸፍነውን መኪና ለይቶ በሰሌዳው ላይ የማስፈር ግዴታ አለበት የሚል ነው። ኃላፊው መኪናቸውን ሲለቁ በምትኩ ማን እንደተተካላቸው ያውቃሉ።

ከሥልጣን ቀጥሎ ቅንጅቱን የሚገድለው የነዳጅ ሒሳብ ነው። የእኔ መኪና የእናንተን ታካሚ ወስዶ ነዳጁን ማን ይክፈል? የሹፌሩን የሌሊት አበልስ? ጎማው ቢፈነዳ? በመግባቢያ ሰነድ ላይ «ወረዳዎቹ ይተባበራሉ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በጀት ዓመቱ ሲጋመስ ግን ትብብሩ ያበቃል። የምመክረው ሁሉም ወረዳ በዓመቱ መጀመሪያ ለአምቡላንስ ከያዘው በጀት የተወሰነውን በጋራ ሒሳብ እንዲያስገባ፣ ከወሰን ውጭ የተደረገ ጉዞ በኪሎ ሜትር እየተመዘገበ በየሩብ ዓመቱ ሒሳቡ እንዲጣራ ነው። ወጪውን ታካሚው የሚኖርበት ወረዳ ይሸፍናል። ለመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ደግሞ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ደንግጎ እንደነበር ያስታውሱ፤ ገንዘቡ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ተጎጂው «ማን ይከፍላል» ተብሎ በር ላይ እንዳይቆም የሚያደርግ ሕጋዊ መሠረት ነው። አምቡላንሱ ለስብሰባና ለዕቃ ማመላለሻ እንዳይውልም በዚሁ ስምምነት ይከልከል። የኪሎ ሜትር መዝገቡ በየሩብ ዓመቱ በሌሎች ወረዳዎች ፊት ሲነበብ ይህ ልማድ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል።

የመዝገብ ነገር ከተነሣ፣ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ አደጋ አለ። ጤና ጣቢያው በሪፈራል ወረቀቱ ላይ «3፡00 ሰዓት ወለደች» ብሎ ይጽፋል፤ ሆስፒታሉ ያነበበው በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል፤ ሹፌሩ የተነሣበትን በኢትዮጵያ ሰዓት ያስመዘግባል። ለደም መፍሰስ የሚሰጠው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚጠቅመው ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ተሳስቶ ከተነበበ ሐኪሙ አልፏል ብሎ ይተወዋል፤ ወይም በተቃራኒው። ስለዚህ በዞኑ ሁሉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይወሰን፤ በኢትዮጵያ ሰዓት ከሆነ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለው ሳይጻፍ አይታለፍ። ለእያንዳንዱ ጉዞ ስድስት ሰዓቶች ይመዝገቡ፦ ጥሪው የመጣበት፣ መኪናው የተነሣበት፣ ታካሚው ጋ የደረሰበት፣ ከዚያ የወጣበት፣ ሆስፒታል የደረሰበትና ርክክቡ ያለቀበት። መዘግየቱ ከስድስቱ በየትኛው መካከል እንዳለ በአንድ ወር ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አብዛኛው ሰው መንገዱን ይወቅሳል፤ መዝገቡ ግን ብዙ ጊዜ ከመነሣት በፊትና ከደረሱ በኋላ ያለውን ያሳያል።

ከደረሱ በኋላ ያለው ጉዳይ የሆስፒታል በር ነው። «አልጋ የለም» የምትለዋን ቃል ያልሰማ የአምቡላንስ ሹፌር የለም። አልጋ በእርግጥ ላይኖር ይችላል፤ የሠራተኞቹን ጭንቀትም እረዳለሁ። ሆኖም በቀይ የተመደበ ታካሚ አልጋ ኖረም አልኖረ መጀመሪያ በድንገተኛ ክፍል ይረጋጋል፤ አልጋ የመፈለጉ ሥራ ከዚያ በኋላ በስምሪት ክፍሉና የታካሚ ቅብብልን በሚያስተባብረው የሆስፒታሉ ሊያዞን ቢሮ ይከናወናል እንጂ በታካሚው ቤተሰብ ወይም በሹፌሩ ትከሻ ላይ አይጣልም። ለዚህ እንዲረዳ ሁሉም ጤና ተቋም ታካሚን በሕመሙ ክብደት በሚለይ በአንድ የትሪያጅ መለያ መጠቀም አለበት፤ የአጋሮ «ቀይ» እና የጅማ «ቀይ» አንድ ካልሆኑ ስምምነቱ ትርጉም አይኖረውም። ከጤና ጣቢያ የሚነሣ ማንኛውም ታካሚ ከመነሣቱ በፊት ስልክ ይደወልለት፤ ማን ነው፣ ምን ሆነ፣ የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱ፣ አተነፋፈሱ እንዴት ነው፣ ምን ተሰጠው፣ በስንት ሰዓት። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ሆስፒታሉ ደሙን አዘጋጅቶ፣ የቀዶ ሕክምና ቡድኑን ጠርቶ እንዲጠብቅ ያደርጋል።

ሁሉም ታካሚ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል መምጣትም የለበትም። በከተማው ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለ፤ በአጋሮና በሊሙ ገነት ሆስፒታሎች አሉ። የተሰበረ እጅና ያልተወሳሰበ ወሊድ ማዕከሉን ካጨናነቀው፣ የጭንቅላት ጉዳት ያለበት ወጣት ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። የትኛው ተቋም ምን ይቀበላል የሚለውን ዝርዝር የሚያወጣው፣ በየጊዜውም የሚያድሰው፣ ሌሊት ለስምሪት ክፍሉ ምክር የሚሰጠው ስሙ የታወቀ ሐኪም መመደብ አለበት። ኮሚቴ ሌሊት ስልክ አያነሳም።

በመኪናው ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ዛሬ በብዙ ቦታ ታካሚዋን አጅባ የምትሄደው የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ናት። እሷ ጅማ ደርሳ እስክትመለስ ጤና ጣቢያው ያለ አዋላጅ ይቀራል፤ በዚያ መሐል ሌላ ምጥ ቢመጣ አንድ ሕይወት ለማዳን ስንሮጥ ሌላውን አጋልጠናል ማለት ነው። የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ያላቸው መኪኖች ጥቂት ከሆኑ በየወረዳው ከመበተን በየመስመሩ ማዕከል ማስቀመጥና ታካሚውን መንገድ ላይ መቀባበል ይቻላል። የወረዳው መኪና እስከ ግማሽ መንገድ ያመጣል፤ ባለሙያ ያለበት መኪና ከጅማ ወጥቶ ይቀበላል፤ አዋላጇ ወደ ጣቢያዋ ትመለሳለች። ይህ ግን የስምሪት ክፍል ሳይኖር አይታሰብም። ሥልጠናውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች ያዘጋጀው መሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ኮርስ አለ፤ አጭርና ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ከእሱ ይጀመር።

ኦክስጅንን ሹፌሩም ነርሷም ማስላት መቻል አለባቸው። ቀላል ነው፤ የሲሊንደሩ የውሃ መጠን በሊትር በግፊት መለኪያው በሚያሳየው ባር ይባዛል። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 1,500 ሊትር ኦክስጅን አለው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚፈልግ ታካሚ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል። መለኪያው 50 ባር ካሳየ ግን ለ50 ደቂቃ ብቻ ነው የሚበቃው። ከቦንጋ እስከ ጅማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ በ50 ባር መነሣት ማለት መንገድ ላይ ኦክስጅን እንደሚያልቅ እያወቁ መነሣት ነው።

አምቡላንስ ከመድረሱ በፊት ስላለው ጊዜም ዕቅዱ ዝም ማለት የለበትም። በጅማ ከተማ ለድንገተኛ ታካሚ ቀድሞ የሚደርሰው ባጃጅ ነው። በአጋሮ መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚቆመው የጭነት መኪናና ሚኒባስ ነው። በጋና 335 የንግድ ተሽከርካሪ ሾፌሮች የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ተሰጥቷቸው፣ በኋላ ከተጠየቁት መካከል 61 በመቶዎቹ በተግባር እርዳታ እንደሰጡ ተረጋግጧል። የባጃጅ ማኅበራትን፣ የትራፊክ ፖሊስንና የቀይ መስቀልን ቅርንጫፍ አሰባስቦ ደም መፍሰስን በመጫን ማስቆም፣ ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ አንገቱ የተጎዳን ሰው ሳይጠመዝዙ ማንሣት ማስተማር ብዙ ወጪ የለውም። ከነርቭ ጉዳት የተረፈ አንድ ወጣት ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ይሄዳል። በቡና ለቀማ ወራት መንገዱ በጭነትና በሥራ ፈላጊ ስለሚሞላ ሥልጠናው ከመስከረም በፊት ቢያልቅ መልካም ነው። መኪና ለማይገባባቸው ቀበሌዎች ነፍሰ ጡር እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ በጤና ጣቢያ አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ እንዲቆዩ ማድረግ ከማንኛውም አምቡላንስ ይበልጣል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእነዚህን እናቶች ዝርዝር ለስምሪት ክፍሉ ቢያደርሱ ክረምት በድንገት አይደርስባችሁም።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ምን ይደረግ የሚለው ለብቻው ሰፊ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት የመጀመሪያዎቹን ተጎጂዎች ለማውጣት የሮጡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። ስለዚህ ለየቀበሌው በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ቦታው አስተማማኝ መሆኑን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ትምህርት ይሁን።

በስብሰባው ላይ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚል ቢነሣ፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች የተቀናጀ የድንገተኛ ሕክምና ሥርዓት እንዲገነቡ የውሳኔ ሐሳብ ማጽደቁን፣ ኢትዮጵያም ሐሳቡን ካቀረቡት አገሮች አንዷ እንደነበረች ያስታውሱ። ዞኑም ወረዳውም የዚያ ቃል ባለቤት ናቸው።

ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብስ? ለሰጡት ሰዎች እውነቱ ይነገራቸው፤ በዚያ ሌሊት የጎደለው ምን እንደነበረ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያ ጋራዥ ያለው መኪና ይጠገን፣ ጎማው ይቀየር፣ ኦክስጅኑ ይሞላ። ከተረፈው ላይ ለጋራ የነዳጅ ሒሳቡ የመጀመሪያው መዋጮ ይከፈል፤ ወረዳችሁ ቀድሞ ገንዘቡን ካስቀመጠ ጎረቤቶች እምቢ ለማለት ያፍራሉ። የጋራ ሒሳቡን በሚቆጣጠረው ኮሚቴ ውስጥም ከለጋሾቹ የተመረጠ ሰው ይኑር። መኪናው ከተጠገነና መኪኖቹ በጋራ መሰማራት ከጀመሩ በኋላ የስድስት ወር መዝገብ አይታችሁ አሁንም ጥሪ የሚያልፋችሁ ከሆነ፣ ያኔ ሦስተኛ መኪና መግዛት ትክክለኛ ውሳኔ ይሆናል፤ ማስረጃውም በእጃችሁ ይኖራል።

ከስብሰባው በፊት ደግሞ ያለፉትን ሦስት ወራት የአምቡላንስ መዝገብ አውጡና በየጥሪው አራት ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ በስንት ሰዓት ተደወለ፣ መኪናው የት ነበር፣ በስንት ሰዓት ተነሣ፣ ካልተነሣ ለምን። በተመሳሳይ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ጎረቤት ወረዳዎችም የራሳቸውን እንዲያመጡ ይጠይቁ። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የአንዱ መኪና ቆሞ ሳለ የሌላው ታካሚ የጠበቀባቸው ሌሊቶች በቀናቸው ይታያሉ፤ የስምምነቱን የመጀመሪያ አንቀጽ ለማስፈረም ከዚያ የተሻለ ሰነድ አይገኝም።